የሰው ጠመንጃ

ሽማግሌው ጠመንጃውን ከማሳየታቸው በፊት ለምን እንደሚሸጡት ነገሩኝ። የጋራዣቸውን በር ወደ ላይ ከፍተው፣ የሚታጠፍ ወንበር አቅርበውልኝ፣ ቡና በወረቀት ኩባያ ከሰጡኝ በኋላ ነው። «ባለፈው ኖቬምበር በዚህ አንድ አጋዘን መታሁ» አሉ። «መታሁት እንጂ አልጣልኩትም። እስኪመሽ ተከተልኩት። በማግስቱ ከልጄ ጋር ተመልሰን ፈለግነው። ደሙ አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ድረስ ወስዶን ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ላነሳው አልፈለግሁም።»

እኔ ሰሜን ሸዋ ያደግሁ፣ የከብት ገበያ ያየሁ ሰው ነኝ። በሬ ሻጭ በሬው ትልም ላይ እንደሚተኛ አይነግርህም። አንተ ጥርሱን ታያለህ፣ ጀርባውን ትዳስሳለህ፣ ወዲያ ወዲህ ታስኬደዋለህ፤ እሱ ደግሞ «እንዲህ ያለ በሬ ድሮ ቀረ» ይልሃል። የሁለታችሁም ሥራ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው የዕቃቸውን ጉድ ከዋጋው በፊት ሲዘረግፉልኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና ሳይሆን ጥርጣሬ ነበር። ይህን የሚነግሩኝ ምን የባሰ ነገር ሊደብቁ ይሆን?

ዋጋው ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 450 ዶላር ነው። ሱቅ ውስጥ መሰሉን ከ700 በታች አላየሁም።

ጠመንጃው ሬሚንግተን ሞዴል ሰቨን የሚባለው ነው። ፋብሪካው ይህን ሞዴል ያወጣው በ1983 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አፈሙዙ 18 ኢንች ተኩል፣ ማለትም 47 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ ጠቅላላ ርዝመቱ አንድ ሜትር አይሞላም፤ ያለ መነጽሩ 3 ኪሎ አይደርስም። ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ለሚሄድ፣ ተራራ ለሚወጣ ሰው የታሰበ ነው። የሚጎርሰው ጥይት ግን ትንሽ አይደለም። .308 ነው፤ በ1952 ለአዳኞች ገበያ የወጣ፣ የኔቶ ጦር ከሚጠቀምበት 7.62 ጋር መንትያ ሊባል የሚችል ጥይት። ቁመቱ የልጅ፣ ጉልበቱ የወታደር ማለት ነው።

አጭሩን የፈለግሁት ስለ ራሴ አጭርነት ነው። እዚህ ኮሎራዶ አጋዘን ፍለጋ ስትወጣ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሆነህ ነው ዳገቱን «ሀ» ብለህ የምትጀምረው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ግን አንድ የማላውቀው ነገር ነበር። የጠመንጃ እርግጫና የጠመንጃ ክብደት ተቃራኒ ናቸው። ያው ጥይት በከባድ ጠመንጃ ውስጥ ሲፈነዳ ብረቱ ራሱ ይችለዋል፤ በቀላል ጠመንጃ ውስጥ ሲፈነዳ ትከሻህ ነው የሚችለው። አፈሙዙ ማጠሩ ደግሞ ጩኸቱን ወደ ጆሮህ ያቀርበዋል። እናም ቀኑን ሙሉ ለመሸከም ደስ የሚለው ጠመንጃ ለመተኮስ ደስ አይልም። ሽማግሌው ይህን በአጭሩ ነበር ያሉት። «ትንሽ ነው፤ ግን ይናከሳል።»

እንደ ከብት ገበያው አገላበጥኩት። ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋገጥኩ። ሴፍቲውን ቆልፌ ምላጩን ሳብኩ፤ ለቀቅኩ፤ ሴፍቲውን ስከፍት ምንም እንዳይል አዳመጥኩ። ከኋላ በትንሽ መብራት አፈሙዙን ውስጡን አየሁ፣ ጫፉ እንዳልተጫረ በጣቴ ዳሰስኩ፣ እንጨቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ተመለከትኩ። ሁሉም ደህና ነው። እንግዲህ ብዬ «ወሰድኩት» አልኳቸው። እሳቸው ግን አልተደሰቱም። የታመመ ዘመድ እንደሚያስረክብ ሰው ነበር የሚያዩት።

ለባለቤቴ ስነግራት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ከጠመንጃ ሸሽተን መጥተን፣ አንተ በእጅህ ጠመንጃ ታስገባልኛለህ?» ብቻ ነው ያለችው። ለዚህ ጥያቄ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ከብረት የተሠራ መቆለፊያ ሳጥን ገዛሁ፣ ጥይቱን ለብቻ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። እሷ የጠየቀችኝ ግን ስለ ቁልፍ አልነበረም።

እኛ ቤት ግድግዳ ላይ የአጎቴ ምንሽር ተሰቅሎ ነበር ያደግሁት። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን፣ ቤልጅግ፤ የጠመንጃ ስም እንደ ዘመድ ስም ነበር የምናውቀው። ሠርግ ላይ ቀረርቶ ሲነሳ «ገዳይ» የሚለው ቃል እንደ ማር ነው የሚጣፍጠው፤ ያው ቃል ፍርድ ቤት ሲገባ ግን ተከሳሽ ነው። ልጅ ሆኜ ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸው ገርሞኝ አያውቅም። የገረመኝ ከአገር ከወጣሁ በኋላ፣ በስልክ የሚመጣው መርዶ ሲበዛ ነው። እነዚያ ፉከራዎች ውስጥ የተገደለው ማን እንደነበር፣ ሰውም ይሁን አውሬ፣ ስሙ ተጠርቶ ሰምቼ አላውቅም። ገዳዩ ስም አለው፣ ጠመንጃውም ስም አለው፤ ሟቹ የለውም። (በቋንቋችን «አለመ» ስንል ሕልም ማየትም ነው፣ ዒላማ መያዝም ነው። ሥራቸው የተለያየ ይሁን እንጂ፣ አፍ ላይ አንድ ናቸው። አልሞ ተኳሽ የምንለው ሰው ምን እያየ እንደሚተኩስ እንጃ።)

ታዲያ ለምን ገዛሁ? ሥጋ ስለምበላ ነው። ሥጋ የሚበላ ሰው አንዴ እንኳ ሞቱን በእጁ ቢይዘው ይሻላል የሚለው ክርክር የታወቀ ስለሆነ አላራዝመውም። በዓል ሲደርስ እኛ የአውሮራ ሐበሾች እርሻ ድረስ ነድተን በግ እንገዛለን፣ እዚያው አርደን እንመጣለን። በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ያህል ሥጋ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ማለት ነው። የቀረውን ዓመት በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣልኝ። አንድ የወሎ ልጅ ጓደኛ አለኝ፤ ማደን ከጀመረ ቆይቷል። እሱ ነው «ና እስቲ፣ አንድ ዓመት ሞክረው» ያለኝ።

እናቴ በስልክ ሰምታ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ጠመንጃው አላሳሰባትም። «ባርከህ ታርደዋለህ ወይስ ተኩሰህ ትበላዋለህ?» አለችኝ። የእሷ ሕግ ግልጽ ነው። በስመ አብ ተብሎ በቢላዋ ካልታረደ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ካልተደረሰበት፣ በክት ነው፤ አይበላም። በልጅነቴ አዳኞች ድኩላ ሲመቱ ጠመንጃቸውን ጥለው ቢላዋ ይዘው የሚሮጡት ለዚህ ነበር። ጓደኛዬን «እናንተስ?» ስለው «እኛ ምላጩን ስንስብ ቢስሚላህ እንላለን» አለኝ። የእነሱ ቃል ከጥይቱ ጋር ይሄዳል፤ የእኛ ቃል ሮጦ ይደርሳል።

ይህን ነገር ብዙ አሰብኩበት። እናቴ ስለ ንጽሕና ነው የምታወራው፤ እኔ ግን ሕጉ ውስጥ ስለ ርቀት የተባለ ነገር አገኘሁ። ሮጠህ፣ ነፍሱ ሳትወጣ መድረስ ካለብህ፣ ሮጠህ ከማትደርስበት ቦታ አትተኩስም። ቢላዋውም እንደዚሁ ነው። እኛ አገር ቢላዋው ዶልዱሞ በግ ያሠቃየ ሰው «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ይባላል፤ ስለት የሚሞርደው ለራሱ አይደለም፣ ለበጉ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ከ1949 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደ ሁሉ ለማደን ትምህርት መውሰድ አለበት። እዚያ ያስተማሩን ሰው ስለ በክት ሰምተው አያውቁም፤ ግን እሳቸውም በሌላ መንገድ መጥተው እዚያው ናቸው። ከአጋዘኑ ትከሻ ኋላ ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ ከአንድ የራት ሳህን ብዙ አይበልጥም። ሳህኑን አሥር ጊዜ ተኩሰህ አሥር ጊዜ የምትመታበት ርቀት፣ እሱ ነው ያንተ ርቀት። ጥይቱ የሚሄድበት ርቀት የጥይቱ ነው፤ አንተን አይመለከትም።

አንድ ላይ ብቻ እናቴና አስተማሪው ይጣላሉ። እሷ «ሩጥ» ትላለች፤ እሳቸው «ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ» ይላሉ፤ ምክንያቱም የቆሰለ አውሬ ካልተባረረ አጠገብ ተኝቶ ይሞታል፣ ከተባረረ ግን በድንጋጤ ብዙ ይሄዳል። ሁለቱም የሚስማሙት ጥይቱ በትክክል ካረፈ ነው። ያኔ መሮጥም መቀመጥም አያስፈልግም፤ እየተራመድክ ትደርሳለህ።

እዚህ ግዛት ከ2013 ጀምሮ ግለሰብ ለግለሰብ ጠመንጃ ሲሸጥ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ዘንድ ሄደው ነው የሚያስመረምሩት፤ ከ2023 መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ሦስት ቀን መጠበቅ አለ። ከሽማግሌው ጋር ሱቅ ሄድን፣ ቅጹን ሞላሁ፣ ጠመንጃው ሦስት ቀን እዚያ አደረ። ሕጉ የወጣው ተናዶ የሚገዛ ሰው ቁጣው እንዲበርድለት ነው። እኔ አልተናደድኩም፤ ግን ሦስቱን ቀን ያን ደረቅ ወንዝ ሳስብ አደርኩ።

ሐምሌ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ፖውኒ ወደሚባለው የመንግሥት የሣር ሜዳ ሄድን። ለተኩስ የተለየ ቦታ አለው፤ ሜዳው ዝርግ፣ ነፋሱ የማያባራ ነው። መጀመሪያ 25 ያርድ ላይ ሞከርኩ፤ ሦስቱም ወረቀቱ ላይ አረፉ። ጥሩ። ወረቀቱን 100 ያርድ ላይ፣ ማለትም 91 ሜትር ላይ አቆምነው። የመጀመሪያዋ ወደ ግራ ከፍ አለች። ሁለተኛዋ ወደ ቀኝ ወረደች። ሦስተኛዋ ወረቀቱን ጭራሽ አላገኘችውም። ትከሻዬ ደግሞ ሽማግሌው እንዳሉት ተነክሷል። ጓደኛዬ በመነጽሩ አይቶ «እየተኮስክ ነው ወይስ እየዘራህ?» አለኝ።

ከዚያ አንድ ነገር አደረገ። ጠመንጃውን ተቀብሎኝ ዞር ብሎ አጎረሰና መለሰልኝ። «ተኩስ» አለኝ። ቀስ ብዬ ምላጩን ሳብኩ፤ ቀጭ አለ። ባሩድ የሌለው የማስመሰያ ጥይት ነው ያጎረሰልኝ። ምንም አልፈነዳም፤ አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ዘለቀ፣ ትከሻዬ ወደ ፊት ሄደ፣ ዓይኖቼ ተጨፈኑ። ሳይነካኝ ደነገጥኩ። «አየህ?» አለኝ። አየሁ። ራሴን እንዲህ እጅ ከፍንጅ ይዤ አላውቅም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዓይኔን እንደማልጨፍን ልምልልህ እችል ነበር፤ እምላለሁም።

ይህ ጉዳይ ከተኩስ ያለፈ ይመስለኛል። ስለ ራሳችን ሐቀኛ ነን ብለን የምንናገረው ብዙ ነገር የተሞከረው ፍንዳታው ባለበት ነው፤ ጩኸቱና ጭሱ ጥፋታችንን ይሸፍነዋል። አንዳንዴ ባዶ ጥይት የሚያጎርስልን ወዳጅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ራሴ ላይ ደመደምኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ምድር ቤት ወርጄ፣ በባዶ ጠመንጃ፣ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጬ፣ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጭ መሳብ ተለማመድኩ። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቆማ አንድ ሁለቴ አይታኛለች፤ ምንም አላለችም። ተመልሰን ሄድን። አሁን ዓይኔ አይጨፈንም፤ ግን ጥይቶቹ ያው እንደ ዘር ተበተኑ። በመጨረሻ ጓደኛዬ ራሱ ተቀመጠና አምስት ተኮሰ። እሱ እጁ አይንቀጠቀጥም። የእሱም ተበተነ።

ሥራዬ የሕንጻ ጥገና ነው። ሳሰላስል ሳይሆን እጄ በልማድ ወደ መነጽሩ እግር ሄዶ ያዘውና ነቀነቀው። በጣም ትንሽ፣ የፀጉር ያህል፣ እንቅስቃሴ አለ። መነጽሩን ፈትቼ ሥሩን አየሁ። የፊተኛውን መቀመጫ ከጠመንጃው ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ልልተዋል፤ አንደኛው ያለ ካቻቢቴ በጥፍሬ ዞረ። ከሥሩ ያለው ብረት ተፈግፍጎ ይብለጨለጫል። የአንድ ቀን ፍግፈጋ አይደለም። ዘይቱን ጠረግሁ፣ ብሎን የሚይዘውን ሰማያዊ ማጣበቂያ ጠብ አደረግሁ፣ በልክ በሚያጠብቅ ቁልፍ አሰርኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጭኑ አፈሙዝ እንዳይግል በየሦስቱ እያረፍኩ ተኮስኩ። 100 ያርድ ላይ ሦስቱ ቀዳዳዎች በአንድ የቡና ሲኒ አፍ ይሸፈኑ ነበር።

ደስ አለኝ። ጓደኛዬ እልል አለ። መኪና ውስጥ ገብተን ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ግን ዝም አልኩ። ሽማግሌው ያን አጋዘን የሳቱት በዚህ ብሎን ነው? እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ግን የተፈገፈገው ብረት ብዙ ይናገራል። እሳቸው ደግሞ ጥፋቱ የእጃቸው፣ የዕድሜያቸው ነው ብለው ጠመንጃቸውን በርካሽ ሸጠው ተቀምጠዋል።

አሁን እኔ ዘንድ አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ የእሳቸው ነገር ነው፤ እሳቸው ግን አያውቁትም።

መጀመሪያ የገንዘቡ ጥያቄ አለ። ሮማዊው ኪኬሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ እህል ጭኖ ረሃብ ወዳለባት ሮድስ የደረሰ ነጋዴ አለ። ከኋላው ሌሎች መርከቦች እህል ጭነው እየመጡ መሆኑን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? አንዱ ፈላስፋ ዝም ማለት መደበቅ አይደለም ይላል፤ ሌላው ነው ይላል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን የእኔን የሚመስለው ሌላ ታሪክ ነው። ስካኤዎላ የሚባል ሰው መሬት ሊገዛ ሄዶ ሻጩ ዋጋውን ሲነግረው «እኔ ከዚህ የበለጠ ነው የምገምተው» ብሎ መቶ ሺህ ሴስቴርስ ጨመረለት። ኪኬሮ እንደሚለው ሰው ሁሉ ጥሩ ሰው ነው አለው፣ ብልህ ነው ግን አላለውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብልህ ባይ ነኝ። 250 ዶላር አትርፌያለሁ፤ ስገዛ ደግሞ ብሎኑን አላውቅም ነበር። ማን ይወቅሰኛል?

ገንዘቡ ቀላሉ ነበር። ከባዱ አጋዘኑ ነው። የእንግሊዙ ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1976 ስለ ሥነ ምግባርና ዕድል ሲጽፍ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ያነሳል። ሾፌሩ ያለ ጥፋቱ ሕፃን ልጅ ይገጫል። እኛ ተመልካቾቹ «ያንተ ጥፋት አይደለም» እንለዋለን፤ መባሉም ትክክል ነው። ግን ወዲያው «እውነታችሁን ነው» ብሎ ተነስቶ ቢሄድ ይቀፈናል። ሳያጠፋም ቢሆን ያደረገው እሱ ነው። ሽማግሌውም እንዲሁ ናቸው። የብሎኑ ነገር ቢነገራቸው ይቀልላቸዋል? ወይስ «ይህን እንኳ ሳልፈትሽ ነው የተኮስኩት» ብለው ይብስባቸዋል?

ጓደኛዬ በግልጽ «ተው» አለኝ። «ሰውዬው አንዴ ቀብሮታል። አንተ ምን ቆርጦህ ቆፍረህ ታወጣበታለህ? ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ከእንግዲህ አያድንም። ለማን ይጠቅማል?» ክፋት የለበትም፤ ርኅራኄ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ «እንግዲያው የሰው ጠመንጃ ነው ቤቴ ያስገባኸው» አለች።

አንድ ሳምንት ተንገላታሁ። የጓደኛዬን ሐሳብ ወደድኩት፤ ሆኖም አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ለሰው አዝነን የምንደብቅለት ነገር ሁሉ ያን ሰው ትንሽ ልጅ ያደርገዋል። በእሳቸው ስም የተላከ ደብዳቤ ተሳስቶ በእኔ ፖስታ ሳጥን ቢገባ ከፍቼ አንብቤ «ይህ ያሳዝናቸዋል» ብዬ ልቀደው እችላለሁ? ደብዳቤው ያስደስት ያሳዝን፣ የእሳቸው ነው። በሌላ በኩል ግን ራሴንም አላመንኩትም። ልናገር የፈለግሁት ለእሳቸው ነው ወይስ ጠመንጃዬን ንጹሕ ለማድረግ? በእውነቱ ሁለቱም ነበሩ፤ ዛሬም ስንት እጁ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ለነገሩ ደግ ሥራ ከንጹሕ ልብ ብቻ ይውጣ ካልን ስንት ሥራ ይሠራ ይሆን?

ደወልኩላቸው። ስሜን ሲሰሙ «ምን ሆነ? ተሰበረ?» አሉ። ነገርኳቸው። ስልኩ ብዙ ዝም አለ።

«የትኛው ብሎን?»

«የፊተኛው። ሁለቱም።»

«እነሱን ያጠበቅኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። «መነጽሩን ራሴ ነኝ ያሰርኩት።»

ጓደኛዬ ትዝ አለኝ፤ ልክ ነበር አልኩ በልቤ። ለማለሳለስ ብዬ ዋጋው ላይ 200 ዶላር እንደምጨምር፣ ጠመንጃው ከገመትነው በላይ ጥሩ እንደሆነ፣ ብሎን መንገድ ላይም ሊላላ እንደሚችል ለፈለፍኩ። አላዳመጡኝም መሰለኝ።

«አንተ ከስንት ያርድ ላይ ልትተኩስ አስበሃል?» አሉኝ።

«ከ150። ከዚያ አላልፍም።»

«እኔ ያን ቀን ወደ 300 ነበርኩ» አሉ። «የፈቃዴ የመጨረሻ ቀን ነው፣ ሊጨልም ነው፣ ባዶ እጄን መግባት አልፈለግሁም። ብሎኑ አይደለም ተኩስ ያለኝ።» ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ይህን ለልጄም አልነገርኩትም። እሱ 200 ነው የሚመስለው» አሉ።

ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። አዝናለሁ ማለት የሚችል ሰው ነበር የሚያስፈልጋቸው፤ እኔ ግን «እሺ» ነው ያልኩት። ገንዘቡን አልቀበልም አሉ። «በ200 ዶላሩ ጥይት ግዛበት። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጨርሰው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ስድስት ሳጥን ገዛሁ፤ አራቱን ጨርሻለሁ። ከጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ መሬት ተቀምጬ፣ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ ዳገት ሮጬ ትንፋሼ ሳይመለስ። እንደዚያ ሲሆን ሳህኑን አሥር ጊዜ ከአሥር የምመታው 120 ያርድ ላይ ነው። ለሽማግሌው 150 ያልኳቸው ከጠረጴዛ የተኮስኩትን ይዤ ነበር። ሰደፉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክርቢቶ 120 ብዬ ጻፍኩበት።

ባለቤቴ ጠመንጃውን ወደ ሳጥኑ ስመልስ አይታ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ዋጋው ነው?»